ለአንድ ነፍስ ምን ብዬ ድስት ልጣድ?

የዛሬው ደብዳቤ የመጣው ከደብረ ብርሃን ነው። የጻፉልኝ የ66 ዓመት እናት ናቸው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ። ተወልጄ ያደግኩት መንዝ ነው። ትዳር ይዤ ደብረ ብርሃን ከገባሁ 41 ዓመቴ። ባለቤቴ ካረፉ ሰባት ወራቸው ነው። እስከ አርባቸው ድረስ ቤቴ ሰው አልጠፋበትም። እዝኑም እንጀራውም ከየቤቱ ይመጣ ነበር። ከተዝካሩ በኋላ ሁሉም ወደየኑሮው ገባ፤ መቼም አይፈረድበትም። ልጆቼ ሦስቱም አዲስ አበባ ናቸው።

ችግሬ ሲሰሙት ያስቃል። ስንት ሠርግ የደገስኩ፣ ስንት ተዝካር ያበላሁ ሴትዮ ለራሴ ምሳ መሥራት አቃተኝ። ትንሽ ልሥራ ብዬ አንድ ሽንኩርት ብከትፍ ድስቱ ጥግ ላይ ተሟጦ ያርራል። ደህና አድርጌ ከሠራሁ ደግሞ ሦስት ቀን እሱኑ ስበላ ያንገሸግሸኛል። እንጀራውም እኩሌታው ሻግቶ ይጣላል። እህል መጣል ደግሞ ያሳቅቀኛል። ለአንድ ነፍስ ምን ብዬ ድስት ልጣድ? እያልኩ ተውኩት። ጠዋት ቡና በዳቦ፣ ምሳ ሻይ በዳቦ፣ ማታ ካሰኘኝ ቆሎ። አንዳንዴ ማዕድ ዘርግቼ ስቀመጥ 'ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል' የሚሉት ይመጣብኛል። የሚያጎርሰኝ የለ፣ ጨው አነሰው የሚለኝ የለ። ጎረቤት ና ብሉ ሲለኝ ጾም ነኝ እላለሁ። ልጄ ማታ ማታ ደውላ 'እማዬ በላሽ?' ትለኛለች። በልቻለሁ እላታለሁ።

ስኳር አለብኝ። ጠዋት ጠዋት ኪኒን እውጣለሁ። ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ላብ አጠመቀኝ፣ የማወራውም ጠፋኝ። አንዲት ተከራይ ተማሪ አለችኝ፤ ስኳር በውሃ በጥብጣ አጠጣችኝና ነፍሴ ተመለሰች። ለልጆቼ አልነገርኳቸውም። ቢሰሙ ከቤቴ ነቅለው ይወስዱኛል። ምን ይሉኛል?»

እትዬ፣ የባለቤትዎን ነፍስ ይማር፣ እርስዎንም ያጽናዎት።

ከደብዳቤዎ መጨረሻ ልጀምር። ሌላው ቢቆይ ይቆየናል፣ ይሄ ግን ቀን አይሰጥም። ያ ከሰዓት በኋላ የመጣብዎ ነገር የኀዘን ድካም አይመስለኝም። መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ የሚያወሩት መጥፋት፣ ስኳር ሲጠጡ መመለስ፤ ይሄ ሁሉ የስኳር መውረድ ምልክት ነው። የኪኒኑን ስም አልጻፉልኝም። እንደ ግሊቤንክላማይድ ያሉት ኪኒኖች ቆሽትን ኢንሱሊን አውጣ እያሉ የሚገፉ ናቸው። እርስዎ በሉም አልበሉም መድኃኒቱ ሥራውን ይሠራል። ሜትፎርሚን ለብቻው ሲወሰድ እንዲህ ማድረጉ ብዙም የለበትም። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ስኳር መውረዱ ይብስ አደገኛ ነው፤ ሰው ይጥላል፣ ራስ ያስታል።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ውስጥ የኪኒኑን ካርቶን ይዘው ሐኪምዎ ዘንድ ይሂዱ። «ምግብ ትቻለሁ፣ አንድ ቀን እንዲህ ሆኜ ነበር» ብለው ይንገሩት። ሳይጠይቁ አይተዉት፣ ለሁለትም አይግመሱት። እስከዚያ ግን ኪኒን ውጠው ቁርስ መዝለል ክልክል ነው። እንደገና ከተንቀጠቀጡ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይጠጡ። 15 ደቂቃ ይጠብቁ፣ ካልተሻለዎት ይድገሙት። ሲሻልዎት ደህና ምግብ ይብሉ፤ ስኳሩ ብቻውን ብዙ አያቆይም። ከረሜላ ከነጠላዎ ጫፍ አይጥፋ። ለተከራይዋም ያሳዩዋት። ራስዎን ከሳቱ በአፍዎ ምንም እንዳታፈስ፣ ቶሎ ሐኪም ቤት እንድትወስድዎት ይንገሯት። እቺ ልጅ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትልቅ ውለታ ነው የዋለችልዎ።

አሁን ወደ ጾሙ። እትዬ፣ በዓለ ሃምሳ ላይ ምን ይሏቸው ነበር? ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት 50 ቀን? ልቀልድ ፈልጌ አይደለም፤ ጎረቤት ሁሉ የጾሙን ቀን ያውቃል። ጾም ነኝ ያለ ሰው ደግሞ ማንም ደፍሮ ሁለተኛ ብላ አይለውም። በርዎን በራስዎ እጅ እየዘጉ ነው። እውነተኛው ጾም ሲመጣም የስኳር ሕመምተኛ መሆንዎን ለንስሐ አባትዎ ነግረው የሚፈቅዱልዎን ይቀበሉ። ከሐኪሙ ቀጥለው የሚሄዱት እሳቸው ጋ ይሁን።

ወደ ድስቱ እንምጣ።

እኔ እንደሚገባኝ፣ እጅዎ ሙያ አልጠፋውም። ያስቸገረዎት የድግስ ምግብ ለአንድ ሰው ካልሆነ ብለው መታገልዎ ነው። ወጣችን የተፈጠረው ለብዙ ሰው ነው። ሽንኩርቱ በርከት ብሎ ካልተቁላላ ቁሌት አይወጣውም። ድስቱ ካልሞላ ያርራል። ምጣድም አንዴ ከጋለ አንድ እንጀራ ጋግሮ አይወርድም። ሞሰቡም ቢሆን ክብ የሆነው ዙሪያውን ሰው እንዲቀመጥበት ነው። እንዲህ ያለውን ምግብ ለሁለት ከፍለው፣ ለአራት ከፍለው ቢሠሩት አይጥምም፤ ይኸው ሞክረው አይተውታል።

ግን እኮ መንዝ ነው የተወለዱት። እረኛው ሜዳ ሲውል ምን ይበላ ነበር? መንገደኛው ምን ቋጥሮ ይወጣ ነበር? ዘማቹስ? ማንም ወጥ ተሸክሞ አልሄደም። በሶ ነበር፣ ጭብጦ ነበር፣ ቆሎ፣ ንፍሮ፣ ቂጣ። ማታ ሲብስ ገንፎ ወይ ቅንጬ። ደጋው አገር የብቻ ምግብ ሞልቶታል፣ ሁሉም ደግሞ ከገብስና ከባቄላ የሚወጣ ነው። እርስዎ ይሄን ሁሉ ያውቁታል፤ ለቤት እመቤት ማዕድ አይመጥንም ብለው ጓዳ ውስጥ ትተውት ነው እንጂ። እኔ የምለው፣ የአዘቦቱን ቀን በብቻ ምግብ ይኑሩ። ወጡና ሞሰቡ ሰው ላለበት ቀን ይቀመጡ።

ጭብጦን እስቲ ያስታውሱ። ሁለት እፍኝ በሶ ጣባ ላይ፣ ጨው ቆንጠር፣ በርበሬ ነካ። ለፍስክ ቅቤ ቀለጥ አድርገው፣ ለጾም ዘይት። ውሃ ጠብ ጠብ እያደረጉ ማሸት ነው። በመዳፍ ጨበጥ ሲያደርጉት ሳይፈረፈር የጣትዎ ምልክት ከቀረበት ደርሷል። እሳት የለ፣ ድስት ማጠብ የለ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ብቻ ማርና ስኳር አይግባበት። ገብስ ስኳሩ ወደ ደም ቶሎ እንዳይገባ የሚያዘገይ አሰር አለው፤ ያም ሆኖ ዱቄት ዱቄት ነውና አንድ ሁለት ጭብጦ ይበቃል። ከጎኑ እንቁላል ወይ ወተት ይኑር።

ይህን ከጎኑ የሚኖረውን ነገር አደራ። ሻይ በዳቦ ሆድ ይሞላል፣ ጉልበት ግን አይሆንም። ሰው ሲያረጅ ጡንቻው ይሟሽሻል፤ ፕሮቲን ካነሰው ይብስበታል። ለዕድሜ ባለጸጋ በቀን በኪሎ ክብደት 1 ግራም ገደማ ይመከራል፤ 55 ኪሎ ከሆኑ 55 ግራም ማለት ነው። (ኩላሊትዎ ችግር እንዳለበት ተነግሮዎት ከሆነ መጠኑን ሐኪሙ ይወስነው።) አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ አለው። አንድ ትልቅ ብርጭቆ ወተት 8። 100 ግራም ደረቅ ባቄላ ደግሞ 25 ገደማ። አዩት፣ ባቄላው ሥጋ የሚያስንቅ ነው፣ አገራችሁም ሞልቷል። ማታ ዘፍዝፈው ያሳድሩት፣ ጠዋት ቡናው ሲፈላ እሱም ጎን ይንፈር። ከስንዴ ጋር ቀላቅለው ቢቀቅሉት ደግሞ ንፍሮው ጥሩ ምሳ ነው። ጥርስ ካስቸገረዎት ክኩን ይቀቅሉ። ወተት እንደሆነ ደብረ ብርሃን ላይ አይቸግርም፤ አፍልተው ብቻ ይጠጡት።

ከወጥ ወገን ለአንድ ሰው የሚታዘዘው ሽሮ ነው። እዚህ ላይ አንድ ዘዴ ልንገርዎት። እሑድ ቀን አንድ ኪሎ ሽንኩርት ከትፈው እንደ ድሮው በትልቁ ድስት ያቁላሉት። በርበሬውን ይጨምሩ፣ ዘይቱ ከላይ እስኪወጣ ያብስሉት። ሲቀዘቅዝ በብርጭቆ ዕቃ ገልብጠው ፍሪጅ ይክተቱት። ፍሪጅ ከሌለ መጠኑን ቀንሰው በየሁለት ቀኑ ያቁላሉ። በየቀኑ ሁለት ማንኪያ በትንሽ ድስት፣ ውሃ፣ ሽሮ ነስነስ፤ ሩብ ሰዓት አይሞላም። በማግስቱ በዚያው ቁሌት ምስር። በሦስተኛው ቀን እንቁላል ቢመቱበት ማን ይከለክልዎታል? ሦስት ቀን አንድ ወጥ ከመብላት ተገላገሉ።

እንጀራውን በተመለከተ ከጎረቤት ጋር በፈረቃ ይጋግሩ። ዛሬ እርስዎ ጋግረው እኩሌታውን ይስጧት፣ ከሦስት አራት ቀን በኋላ እሷ ስትጋግር ትመልስልዎ። ሁለታችሁም ትኩስ ትበላላችሁ። ካልተስማማችሁ ከሱቅ ሦስት ሦስት መግዛት ነው፤ ለዚህ ማፈር የለብዎትም። የተረፈውን ሳይሻግት በፊት ፀሐይ ላይ ዘርግተው ድርቆሽ ያድርጉት። ከጥቅምት ወዲህ ባለው የደብረ ብርሃን ፀሐይና ንፋስ ሁለት ቀን ይበቃዋል። የሻገተው ግን ቆርጦ ጥሎ ቀሪውን መብላት የሚባል ነገር የለም፤ ሻጋታው ዓይን ከሚያየው አልፎ ይገባል።

ቡናዎን ተዉ አልልም። ደብረ ብርሃን ላይ ይሄን ብል ማን ይሰማኛል? ግን ከምግብ በፊት አይሁን። በባዶ ሆድ ሦስት ሲኒ ከጠጡ ራቡ ይጠፋል፣ ምሳም ቀረ ማለት ነው። ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ቢጠጣ የምግቡንም ብረት አይሻማም። ውሃ ደግሞ ሳይጠማዎትም ይጠጡ፤ ዕድሜ ሲገፋ ጥም ይቀንሳል።

አልጻፉልኝም፣ ግን ልጠይቅዎት። ከተማችሁ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ይታወቃል። የሚያበስሉበትን ከሰል ለሙቀት ብለው መኝታ ቤት ያስገባሉ? እንዳያደርጉት። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፣ በተዘጋ ቤት የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ብቻውን ለሚያድር ሰው ደግሞ ይብሳል።

እስካሁን የሆድ ነገር ነው ያወራሁት። የማዕዱ ነገር ይከብዳል።

ያ ተረት የተነገረው ሰው ሲመጣ እንጀራውን ለሚሸፍን ንፉግ ነው። ልጅ አሳድጎ፣ ባል አስታሞ፣ ስንቱን አብልቶ ብቻውን የቀረን ሰው አይመለከትም። ቀበሌው ሁሉ በእርስዎ እጅ ሲበላ ኖሮ፣ ለራስዎ አንድ ሳህን ሲያቀርቡ ሆዳም የሆኑ መምሰሉ ይቅር። ደግሞም ሞሰቡን ለብቻዎ አይዘርጉት። ባዶውን ወገን በየቀኑ ማየት ምን ይሠራልዎታል? በሳህን ያቅርቡ፣ መስኮቱ ጋ ይቀመጡ፣ ሬዲዮ ይክፈቱ። ምድጃው ሥር ቆመው ግን አይብሉ፤ ቆሞ የሚበላ ሰው ሁለት ጉርሻ ቀምሶ በላሁ ይላል። ሰዓቱንም ይወስኑት። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ቀን ሰባት፣ ማታ አንድ ሰዓት። ራብ እስኪመጣ አይጠብቁ፣ ኀዘን ያለበት ሰው ራቡ ቶሎ አይመጣም።

ለጉርሻው ምትክ የለኝም። አለኝ ብል እዋሽዎታለሁ።

አንድ ነገር ግን ይጠይቁ ራስዎን። 41 ዓመት በእሳቸው አፍ ልክ ሲያበስሉ ኖረዋል። እሳቸው የማይወዱት፣ እርስዎ ግን የሚወዱት ምግብ አልነበረም? ጎመን ይሆናል፣ ቃሪያ የበዛበት ይሆናል፣ ጨው ቀነስ ያለ ይሆናል። ይሄን መሥራት እሳቸውን መርሳት አይደለም።

ሰው ያለበት ቀን ብያለሁ። ተከራይዋ ቤትዎ ውስጥ ናት፣ እሷም የእናቷ ማዕድ ሩቅ ነው። በሳምንት አንድ ማታ፣ ቀኑን ወስናችሁ፣ ሞሰቡን ዘርጉ። ያን ቀን ድስቱ ይሙላ። አንድ ነገር ላስጠንቅቅዎት፤ ልጅቷ ተማሪ እንጂ ሠራተኛ አይደለችም። ዕቃ አጣቢና ጠባቂ ካደረጓት ሌላ ቤት ፈልጋ ትወጣለች። ጎረቤትም ሲጠራዎት ይሂዱ። ማኅበርና ሰንበቴ ካለዎት ተራዎን አያሳልፉ። «ከእንግዲህ እኔን ይተዉኝ» ያለች ባልቴት ብዙ ጊዜ ሰው ቃሏን ይቀበላታል፤ ያኔ መመለሱ ይከብዳል። የሙት ዓመቱም አምስት ወር ነው የቀረው። እንግዳ ቆመው ሊቀበሉ ነው፣ ዛሬ በልተው ያልያዙት ጉልበት ያን ቀን ከየትም አይመጣም።

ሐኪም ቤት ሲሄዱ ይመዘኑ። ሳይፈልጉት ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ከመቶ 5 የቀነሰ ሰው፣ ማለትም ከ60 ኪሎ 3 የጎደለው፣ ምክንያቱ መመርመር አለበት። የድሮ ክብደትዎን ካላወቁት መቀነትዎን ይዩት። ዙሩ ጨምሮ ከሆነ ከስተዋል። የሚያስጠላዎት ምግብ ብቻ ካልሆነ፣ እንቅልፉም፣ ሰው ማየቱም፣ ቤተ ክርስቲያን መሳሙም ካስጠላዎት፣ ይሄንንም አይደብቁት። ሕክምና አለው።

ልጆቹን በተመለከተ እርስዎ ከሚያስቡት በተቃራኒው ነው የማስበው። ልጅ እናቱን ነቅሎ የሚወስደው ድንገት ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማ ነው። ተከራይዋ አንድ ቀን ደውላ «እማማ ወድቀው» ብትላቸው ያን ቀን መኪና ይዘው ይመጣሉ፤ አዲስ አበባ እኮ 130 ኪሎ ሜትር ነው። እርስዎ ቀድመው «እንዲህ ሆኜ ነበር፣ ሐኪም አይቶኛል፣ አሁን በሰዓቱ እየበላሁ ነው» ካሏቸው ግን ነገሩ በእጅዎ ነው። የሙት ዓመቱ ሳይወጣ ቤት መልቀቁን እኔም አልደግፈውም። በኀዘን ላይ የተለቀቀ ቤት ኋላ ይቆጫል። ነገር ግን ኪኒኑ ተስተካክሎ፣ በሰዓቱ እየበሉም ስኳሩ ደጋግሞ ከወረደ፣ ብቻዎን ማደሩ አያዋጣም። ያኔ ወይ ዘመድ ይመጣል፣ ወይ እርስዎ ይሄዳሉ። ይሄን ከልጆችዎ ጋር ዛሬውኑ ቢነጋገሩት ይሻላል።

ልጅዎ «ምን ልላክልሽ?» ስትልዎ ምንም አልፈልግም አይበሏት። የስኳር መለኪያ ከነወረቀቱ ትላክልዎ፤ ከ70 በታች ካሳየዎት ወርዷል ማለት ነው። አንድ ትንሽ ወፍራም ድስትም ትጨምር፣ ያ የድሮው ትልቅ ድስት ለእሑድ ይሁን። የምትደውልበትንም ሰዓት ወደ ማታ አንድ ሰዓት ያምጡት። እሷም እዚያ እራቷን ትብላ፣ እርስዎም እዚህ፤ ስልኩ ክፍት ይሁንና እየበላችሁ አውሩ። በላሽ ወይ የሚለው ጥያቄም አያስፈልጋትም።

ሐኪሙ ስለ ኪኒኑ ያለዎትን ይጻፉልኝ።